ሣቁን ስለ ታገለው ተጫዋች

ሰውን ለማሣቅ በአደባባይ የቆመ ሰው ራሱ ቢሥቅ ምን ይፈረድበታል? ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ለጽሕፈትም የማይበቃ ይመስላል። ነገር ግን ቀልድ የቃል ሥራ ነው፤ የቃል ሥራ ሁሉ ሕግ አለው፤ ሕጉን ያልመረመረ ሰው ደግሞ የሥራውን ማማርና መበላሸት ለይቶ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። የማቀርበው ምስክር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የምመዝንበት ሚዛን ግን በቅኔ ቤት የተማርሁት ነው፤ ሌላ ሚዛን የለኝምና።

ጥያቄው ይህ ነው። ተጫዋች ፊቱን አጽንቶ መቆየት ሲያቅተው፣ ሣቁን ሊውጥ ሲታገል ሣቁ ሲያሸንፈው፣ ይህ የጥበብ ጉድለት ነውን? ወይስ የጥበብ ፍሬ ነው? አንዳንዶች ጉድለት ነው ብለው ይነቅፉታል፤ ሌሎች ግን ከጨዋታው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህንኑ ነው። እኔ ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ሳይከፍሉ የፈረዱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱንም በተራው እገልጣለሁ።

በአሜሪካ አገር ካሮል በርኔት በተባለችው ስመ ጥር የቀልድ ተጫዋች ስም የተጠራ የቴሌቪዥን ትርኢት ነበረ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፍና፥ ትርኢቱ ከ1967 እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 11 ዓመት ያህል ሎስ አንጀለስ ከተማ ሲዘጋጅ ኖረ። ዘፈንና ዳንስ ነበረበት፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዐሥርና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጁት አጫጭር የቀልድ ተውኔቶች ነበሩ። ትርኢቱ ካበቃ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሥዕሉ ተቀርጾ ስለ ቀረ ዛሬ ማንም ሰው በእጅ ስልኩ ሊመለከተው ይችላል። እኔም ያየሁት የእኅቴ ልጅ በስልኩ አሳይቶኝ ነው። መጀመሪያ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየተረጎመልኝ ነበር፤ በኋላ ግን እርሱም መናገር አልቻለም፤ እኔም ትርጓሜ አላስፈለገኝም።

ከትርኢቱ ተጫዋቾች መካከል ሁለቱን ለይቼ አነሣለሁ። አንደኛው ሃርቪ ኮርማን ነው፤ በ1927 ዓ.ም. ተወልዶ በ2008 ዓ.ም. ያረፈ። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ የጠራ፣ ግርማ ያለው፣ የመኳንንቱንም የተራውንም ሰው ጠባይ አሟልቶ የሚያሳይ ተዋናይ ነበረ። ሁለተኛው ቲም ኮንዌይ ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ተወልዶ በ2019 ዓ.ም. ያረፈ። ይህኛው አጠር ያለ፣ ራሱ የተመለጠ፣ ዓይኑ የየዋህ ሕፃን ዓይን የሚመስል ሰው ነበረ። ለብዙ ዓመት በእንግድነት ሲመጣ ቆይቶ በ1975 ዓ.ም. ቋሚ ተጫዋች ሆነ። ኮርማን ሥርዐት ያለው ሰው መስሎ ሲቆም፣ ኮንዌይ ያን ሥርዐት ቀስ ብሎ ከሥር የሚቦረቡር ሰው ነበረ።

የአሠራራቸውን ልማድ ማወቅ ለፍርዳችን ያስፈልጋል። ትርኢቱ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ይቀረጽ ነበር፤ አንዱ የልምምድ፣ አንዱ የመጨረሻው። ኮንዌይ በመጀመሪያው ጊዜ የተጻፈለትን ቃል እንደ ተጻፈ ይጫወታል፤ አዘጋጁም የሚበቃውን ሥዕል ያገኛል። በሁለተኛው ጊዜ ግን ኮንዌይ ማንም ያላየውን ነገር ከልቡ አፍልቆ ያመጣል። ከፊቱ የቆመው ኮርማን የሚመጣበትን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ነገር እንደሚመጣ።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ የገነነው በ1969 ዓ.ም. የታየው የጥርስ ሐኪሙ ጨዋታ ነው። ኮንዌይ ትምህርቱን ገና የጨረሰ ሐኪም ነው፤ ኮርማን ጥርሱን ታምሞ የመጣ የመጀመሪያ በሽተኛው ነው። ሐኪሙ ማደንዘዣውን በመርፌ ሞልቶ ሲጠጋ በስሕተት የገዛ እጁን ይወጋል። እጁ ይደነዝዛል፤ እንደ ረጠበ ጨርቅም ይንጠለጠላል። ኮንዌይ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራውን ሊቀጥል ይሞክራል። ጥቂት ቆይቶ መርፌው እግሩን ያገኘዋል፤ እግሩም ይከዳዋል። አሁንም ሐኪሙ አይጮኽም፣ አይደነግጥም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። ማዕርጉን ላለማጣት ብቻ ይጨነቃል። ሙያውን ሳያውቅ የተሾመ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋልና፣ ቀልዱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አሁን ዓይናችንን ወደ በሽተኛው እንመልስ። ኮርማን ከወንበሩ ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ወንበሩ እንደ ማሰሪያ ሆኖበታል። መጀመሪያ ከንፈሩን ይነክሳል። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ሌላ ወገን ያዞራል። ከዚያም እጁን ወደ አፉ ያነሣል፤ እጁ አልበቃ ሲለው ዓይኑን ይጨፍናል። ፊቱን እንደምንም ቢያጸና ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻም ይሸነፋል። ኮንዌይ ግን ያን ሁሉ እያየ አንድ ጊዜ ስንኳ ጥርሱን አይገልጥም፤ የደነዘዘውን እጁን እያወዛወዘ ሥራውን ይቀጥላል።

የቀድሞ ሊቃውንትን ብንጠይቃቸው ፍርዳቸው የከበደ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በሮማ የነበረው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን፣ ቀልድን የሚያጣፍጠው የተናጋሪው መኮሳተር ነው፤ የሚያሥቀውም ተናጋሪው ራሱ አለመሣቁ ነው የሚል ትምህርት ትቷል። ሼክስፒርም ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት በሐምሌት ተውኔት ውስጥ፣ ልዑሉ ተጫዋቾቹን ሲመክር ሁለት ነገር ይከለክላቸዋል። ቀልደኞች ከተጻፈላቸው በላይ እንዳይናገሩ፤ ዳግመኛም ሰነፉን ተመልካች ለማሣቅ ብለው ራሳቸው ቀድመው እንዳይሥቁ። እንግሊዞችም ተጫዋች ያለቦታው ሲሥቅ የነቀፋውን ስም ከሬሳ አውጥተውለታል፤ ሞቶ የተኛ መስሎ የሚጫወት ሰው ሣቅ ካመለጠው የሞቱ ነገር ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። በዚህ ሕግ ከሄድን ኮንዌይ ከተጻፈው ውጭ በማድረጉ፣ ኮርማን በመሣቁ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ተፈረደባቸው።

እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ልፈርድ ነበር። ነገር ግን በተማሪነቴ ዘመን ያየኋቸው ሁለት ነገሮች ትዝ አሉኝና ብዕሬን ገታሁ።

ቅኔ ቤት ሳለሁ አንድ ምሽት በነገራ ጊዜ አንድ ጉባኤ ቃና ለየኔታ አቀረብሁ። ሰሙ ስለ ድርቅና ስለ ጎተራ ነበር፤ ወርቁ ግን አንድ ባልንጀራችን ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ሌሊት ሌሊት ከጎጆው ተደብቆ ለብቻው ስለ መብላቱ ነበር። ኅብሩ ከተቀመጠበት ቃል ከመድረሴ በፊት የዚያ ባልንጀራዬ ፊት ምን እንደሚመስል በልቤ ታየኝና ሣቅ አመለጠኝ። ቃሉ በአፌ ውስጥ ተቆረጠ። ተማሪዎቹም ሣቁ፤ የሣቁት ግን በቅኔው አይደለም፤ በእኔ ነው። የኔታ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፣ ወርቁን አንተው በላኸው፤ ለእኛ ሰሙን ብቻ አቀረብህልን። ሳትሥቅ መናገር በቻልህ ቀን አምጣው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ከቁጣ ይልቅ አመመኝ። የሰው ቁራሽ መደበቅን የነቀፍሁ እኔ ራሴ በአደባባይ ብቻዬን በላሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከእኛ በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚል፣ ሲሥቅ ታይቶ የማያውቅ አንድ ተማሪ ቅኔውን ሊነግር ተነሣ። ወርቁ የየኔታን በቅሎ ይነካ ነበር፤ በቅሎይቱ ዘወትር ገመዷን በጥሳ ወደ ጎረቤት ማሳ መኰብለሏ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። የኔታ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ከእኛ ሁሉ ቀድመው ዐወቁ። መጀመሪያ ጢማቸውን ያዙ። ቀጥለው ጭራቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያም የነጠላቸውን ጫፍ። ተማሪው የየኔታ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ እያየ ፊቱን አልለወጠም፤ ያልተሰማ እንደ ሆነ ብሎ ይመስል ያንኑ ቃል በዝግታ ደገመው። ያን ጊዜ የኔታ ተሸነፉ፤ እንባቸው በጢማቸው እስኪወርድ ሣቁ፤ «ይበል!» ለማለትም ድምፅ አጡ። ያን ቅኔ ዛሬ ሙሉውን የሚያስታውስ ከእኛ መካከል የለም። የየኔታን ሣቅ ግን የረሳ የለም። ክብራቸውም በዚያ ሣቅ አልተቀነሰም፤ ሲታገሉ አይተናቸዋልና።

እንግዲህ በእኔ ሣቅና በየኔታ ሣቅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለታችንም በማይገባ ሰዓት ሣቅን። ሁለታችንም ጉባኤውን አቋረጥን። ነገር ግን እኔ ነጋሪው ነበርሁ፤ እርሳቸው ተቀባዩ ነበሩ። ነጋሪው ወርቁን የሸሸገ ሰው ነው፤ የሸሸገውንም ዕቃ ባለቤቱ ሳያገኘው እርሱ አውጥቶ ቢያሳይ ፍለጋውን አበላሸው። ተቀባዩ ግን የሚፈልግ ሰው ነው፤ አግኝቶ ቢደነግጥ የሸሻጊውን ብልሃት ይመሰክራል። ስለዚህ ሣቅን ሁሉ በአንድ ሕግ መፍረድ አይገባም። አስቀድሞ «የሣቀው ማን ነው? ነጋሪው ነው ወይስ ተቀባዩ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ሚዛን የጥርስ ሐኪሙን ጨዋታ ብንመዝን ፍርዱ ይለወጣል። ኮንዌይ ነጋሪው ነው፤ የነጋሪንም ሕግ ፈጽሞ ጠብቋል፤ አልሣቀም። ኩዊንቲሊያን ቢያየው የሚነቅፈው ነገር አያገኝበትም ነበር። ኮርማን ተቀባዩ ነው፤ የተቀባይንም ግዴታ ፈጽሟል፤ ይኸውም መታገል ነው። ሼክስፒር የነቀፈው ተመልካችን ለማሣቅ ብሎ የሚሥቀውን ነው፤ ኮርማን ግን ተመልካች እንዳያየው ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። እንዲያውም ሌላ የሚደንቅ ነገር አለ። ጥርሱን የታመመ ሰው ፊቱን በእጁ ቢይዝ፣ ዓይኑን ቢጨፍን፣ ትከሻው ቢንቀጠቀጥ ሰሙን አያፈርስም። ስለዚህ ኮርማን ብዙ ደቂቃ በሕመምተኛው መልክ ተጠግቶ ሣቁን ሲዋጋ፣ ተመልካቹ ሕመሙንም ሣቁንም በአንድ ፊት ላይ ያያል። ይህ በቅኔ ቋንቋ ቢነገር ኅብር ነው፤ አንዱ ፊት ለሁለት ነገር ያገለግላልና።

የሰውነትን አሠራር የመረመሩ ሰዎችም ለዚህ ማስረጃ ይሰጡናል። ዱሼን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 ዓ.ም. ባሳተመው ሥራው፣ የአፍን ዳርቻ የሚስበው ጡንቻ ለሰው ፈቃድ እንደሚታዘዝ፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን ልብ ካልፈቀደ በቀላሉ እንደማይታዘዝ አሳይቷል። አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ያሉት ይህንኑ ዐውቀው ነው፤ ጥርስ ልብ ሳያዝን አይከደንም፣ ልብ ሳይደሰት አይገለጥም ብሎ የሚያምን ይሞኛል። የኮርማንን ሣቅ ያስወደደው ግን ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ዓይኑ መክዳቱ ነው። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪም ሰው ብቻውን ካለበት ጊዜ ይልቅ በሰው መካከል ሳለ 30 እጥፍ እንደሚሥቅ ጽፏል። ሣቅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው። እንግዲህ ኮርማን በፊቱ ከኮንዌይ፣ በጎኑ ደግሞ በመቶ ከሚቈጠር ሕዝብ ሣቅ ጋር ይዋጋ ነበር። ጦሩ ከሁለት ወገን ነው።

ይሁን እንጂ ከመሸነፍ ይልቅ መጽናት የሚበልጥበት ጊዜ መኖሩን መርሳት አይገባም። በ1976 ዓ.ም. በዚያው ትርኢት፣ በ1939 ዓ.ም. የወጣውን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚናገረውን ዝነኛ ፊልም የሚያፌዝ ጨዋታ ታየ። በፊልሙ ውስጥ ድኽነት የደረሰባት ወይዘሮ መጋረጃዋን አውርዳ ቀሚስ ታሰፋለች። በቀልዱ ግን ካሮል በርኔት መጋረጃውን ከነዘንጉ ለብሳ፣ ዘንጉ በትከሻዋ ላይ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ እንደ ንግሥት ከደረጃ ትወርዳለች። ኮርማን ቀሚሷን ሲያደንቅላት፣ በመስኮት አይታ መተው እንዳቃታት ትመልስለታለች። በእነርሱ አገር ሴቶች ስለ አዲስ ልብስ እንዲህ የሚናገሩት ከሱቅ መስኮት ያዩትን ሲገዙ ነው፤ የእርሷ መስኮት ግን የቤቷ መስኮት ነው። አንዱ ቃል ለሁለት መስኮት ሆነ። የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው ያውቀዋል። ካሮል በርኔት በዚያች ቅጽበት ብትሥቅ ኖሮ ከሁለቱ መስኮቶች አንዱ ይዘጋ ነበር። እርሷ ግን አልሣቀችም፤ ሕዝቡ ግን ሊያቆም አልቻለም።

የነጋሪነትን ጽናት እስከ ጫፉ ያደረሰው ደግሞ ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን የነበረው በስተር ኪተን ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ተወልዶ በ1966 ዓ.ም. ያረፈ። ከአባቱና ከእናቱ ጋር በሕፃንነቱ በመድረክ ሲጫወት፣ እርሱ የሣቀ እንደ ሆነ ሕዝቡ እንደማይሥቅ ዐወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ፊቱን ዘጋው፤ ሰዎችም ታላቁ የድንጋይ ፊት አሉት። በ1928 ዓ.ም. በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» በተባለው ፊልም የአንድ ቤት ፊተኛ ግድግዳ ሙሉውን በላዩ ይወድቃል፤ እርሱ የቆመው ክፍቱ መስኮት በሚያርፍበት ስፍራ ስለ ነበረ ይተርፋል። በአገራችንም የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ ይነገራል። እኔ ከሰማኋቸው ተረቶች ሁሉ በአንዱም አለቃ ራሳቸው ሣቁ ሲባል አልሰማሁም፤ ተናግረው ያልፋሉ፤ የሚሥቀው የቀረው ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ትግል ስለሌለበት ሣቅ ልናገር። በኒው ዮርክ ከተማ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጥታ የሚተላለፍ ትርኢት አለ። በዚያ ትርኢት ከ1998 እስከ 2004 ዓ.ም. የተጫወተው ጂሚ ፋለን በጨዋታ መካከል ቶሎ በመሣቁ ብዙ ጊዜ ተነቅፏል። በ2000 ዓ.ም. በታየው ስለ ሙዚቀኞች በሚናገረው ዝነኛ ጨዋታ ዊል ፌሬል ሆዱን ገልጦ እየዘለለ የከብት ደወል ሲመታ፣ ክሪስቶፈር ዎከን ደግሞ በፍጹም ቁም ነገር ደወሉ ይብዛልኝ ሲል፣ ሁለቱ አልሣቁም፤ ከጎን ያሉት ግን ፈረሱ። ከጎን ያለ ሰው ተቀባይ ነውና በሕጌ ይፈቀድለታል። ነገር ግን ተቀባይ ሁሉ ዕለት ዕለት ሳይታገል እጁን ቢሰጥ፣ ሣቁ ምስክርነት መሆኑ ይቀርና ልማድ ይሆናል። በየጉባኤው ቅኔው ሳይነገር «ይበል» የሚል ሰው ለነጋሪው ምን ይጠቅመዋል?

ሕጌን የሚፈትን አንድ ነገርም እዚያው አገኘሁ። በ2004 ዓ.ም. ሬቸል ድራች ደስታን ሁሉ የምታጨልም ሴት ሆና ተጫወተች። ዘመዶቿ በመዝናኛ ስፍራ ሲደሰቱ እርሷ ስለ በሽታና ስለ አደጋ ትናገራለች፤ በተናገረች ቍጥርም የሐዘን ጥሩንባ ይነፋና ካሜራው ወደ ፊቷ ይቀርባል። ነጋሪዋ እርሷ ናት፤ ፊቷም ሊያዝን ግድ ነው። ነገር ግን ሣቅ ያዛት፤ ካሜራው በቀረበ ቍጥር ፊቷን ልታጨልም ትሞክራለች፤ በሞከረች ቍጥር ይባስባታል። በነጋሪ ሕግ ብንፈርድ በደለኛ ናት። ነገር ግን ሳላዝንላትና ሳልሥቅ ማየት አልቻልሁም። ምክንያቱን ሳስብ ይህን አገኘሁ፤ ሳታቋርጥ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ስለዚህ ሕጌን ጥቂት ላሻሽለው። ነጋሪ ቢሥቅ በደል ነው፤ ታግሎ ቢሸነፍ ግን በደሉ የሚቀልል በደል ነው። ድርሰቱ ቢጎዳም ለሥራው ያለው ታማኝነት አልጠፋምና።

የመጽናትን ዋጋ የሚያሳይ የመጨረሻ ምስክር ከካሮል በርኔት ትርኢት ልጨምር። በ1977 ዓ.ም. አንድ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ የቃል ጨዋታ ሲጫወት በሚታይበት ተውኔት፣ ኮንዌይ ከድርሰቱ ውጭ ስለ ዝሆን አንድ የማይረባ ታሪክ ይጀምራል፤ ሊያልቅ ሲል ያረዝመዋል። በርኔት ፊቷን ትሸሽጋለች፤ ከመካከላቸው የነበረው ዲክ ቫን ዳይክም አይችልም። ቪኪ ሎረንስ ግን የአሮጊቷን እናት ጠባይ እንደ ያዘች ትጠብቃለች። ታሪኩ ሲያልቅ፣ ጸጥታም ሲሆን፣ አሮጊቷ ያ ሰው መጨረሱን የምትጠይቅ መስላ አንድ የስድብ ቃል ጣለች። ቃሉ ለዚህ ገጽ የማይገባ ስለ ሆነ አልጽፈውም። መድረኩ ሁሉ ያን ጊዜ ፈረሰ። ይህች ሴት ከሁሉ የምታንስ ወጣት ነበረች፤ ነገር ግን ሣቋን ካጠራቀመች በኋላ የተናገረችው አንድ ቃል ከረጅሙ የዝሆን ታሪክ በለጠ።

እስካሁን ኮርማንንና ኮንዌይን ደገፍሁ፤ ነቀፋዬን ደግሞ ልናገር፤ ያለ ነቀፋ ሂስ ምስጋና ብቻ ይሆናልና። የኮርማን መሸነፍ እየታወቀ በሄደ ቍጥር ሕዝቡ ድርሰቱን መስማት ትቶ ሽንፈቱን ብቻ ይጠብቅ ጀመር። በአንዳንዶቹ ጨዋታዎች ኮንዌይ ገና በበሩ ሲገባ፣ ምንም ሳያደርግ፣ ተመልካቹ ኮርማንን አይቶ ይሥቃል። ያን ጊዜ የጨዋታው ነገር ዐለቀ ማለት ነው፤ ሻጩ ሻጭ መሆኑ፣ በሽተኛውም በሽተኛ መሆኑ ቀረ፤ የቀረው ሁለቱ ባልንጀሮች ብቻ ናቸው። ይህም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ደስታው የተውኔት ደስታ አይደለም፤ የማኅበር ደስታ ነው። ድርሰቱን የጻፉት ሰዎች ድካምም መታሰብ አለበት። ኮንዌይ አስቀድሞ የጻፉትን አንድ ጊዜ በታማኝነት መጫወቱ ከዚህ ነቀፋ ግማሹን ያነሣለታል፤ ሁሉን ግን አያነሣለትም።

ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሚነቀፈው ግን የዛሬው ተመልካች ነው። አሁን ሰዎች ከጨዋታዎቹ ሁሉ ተዋናዮቹ የተሸነፉበትን ቅጽበት ብቻ ቈርጠው፣ አንዱን ከአንዱ ቀጥለው ያያሉ። የእኅቴም ልጅ መጀመሪያ ያሳየኝ እንዲሁ ነበር። ሣቅሁ፤ ነገር ግን ለምን እንደ ሣቅሁ አላወቅሁም። በኋላ ሙሉውን ከመጀመሪያው አሳየኝ ብዬ ስመለከት፣ ኮርማን ከመሸነፉ በፊት ምን ያህል ደቂቃ እንደ ጸና አየሁ፤ ዋጋው ያለው እዚያ ነው። ሰሙ ሳይነገረው ወርቁ ብቻ የተተረጎመለት ሰው ቅኔ ሰማሁ አይበል። አንባቢዬም እነዚህን ጨዋታዎች ለማየት ቢፈቅድ ፍርስራሹን ብቻ ሳይሆን ሕንጻውንም ይመልከት ብዬ እመክራለሁ።

ኮርማንና ኮንዌይ ትርኢቱ ካበቃ በኋላም አልተለያዩም፤ በእርጅናቸው ዘመን በየከተማው ቴአትር እየዞሩ አብረው ይጫወቱ ነበር። ይህ ስለ ሣቁ ምንነት አንድ ነገር ይነግረናል። ኮንዌይ ያን ሁሉ ያደረገው ኮርማን እንደሚታገለው ስለሚያውቅ ነው፤ ገና ሳይነካ ከሚወድቅ ሰው ጋር ማንም ትግል አይገጥምም። ኮርማንም ሽንፈቱን እንደ ውርደት አልቈጠረውም፤ ቈጥሮት ቢሆን ያን ያህል ዘመን ወደዚያው ሰው ባልተመለሰ ነበር። በሰው ፊት የሚያሸንፍህ ሰው ወዳጅህ መሆኑን ካወቅህ መሸነፍ አያሳፍርም። የኔታም በበቅሎዪቱ ቅኔ ከተሸነፉ በኋላ ያን ተማሪ አልቀጡትም፤ በማግሥቱ አስነጋሪ አደረጉት።

የኔታ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ያ ስለ ጎተራ የተቀኘሁት ጉባኤ ቃና ግን እስካሁን በልቤ አለ። «ሳትሥቅ መናገር በቻልህ ቀን አምጣው» ብለውኝ ነበርና፣ አንዳንድ ጊዜ መንገድ ስሄድ ብቻዬን እሞክረዋለሁ። እነሆ፣ ጢሜ ሸብቶ፣ ዕድሜዬም ከኀምሳ አልፎ፣ ኅብሩ ካለበት ቃል ስደርስ ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ለማንም አልነገርሁትም።